ጥይት፣ ቀለህ፣ ባሩድ፦ ዳግም ስለሚሞላ የሽጉጥ ጥይት የሚነገሩ ቃላት

መግቢያ

ሙያዊ ቃላትን ለመተርጐም የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚፈራው የቃል እጦትን ነው። ቃል ካልተገኘ ይዋሳል፤ መዋሱ ካልጣመው ከሥር መሠረቱ ይሰይማል። ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚቀረው ሌላው ችግር ነው፤ ይኸውም ቃሉ እያለ ወሰኑ ሳይለይ መቅረቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመሩት ቃላት ሁሉም በገበሬውም በወታደሩም አፍ ያሉ ናቸው፦ ጥይት፣ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስ፣ አረር። ተናጋሪውና ሰሚው ዕቃውን እያዩ ሲነጋገሩ አንዱ ቃል በሌላው ቢተካ የሚጎዳ የለም። ዕቃው በሌለበት፣ ጽሑፉ ብቻ በሚነበብበት ጊዜ ግን መተካካቱ እጅ እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ለዚህ ጥናት ምክንያት የሆነው አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ በውጭ አገር በሽጉጥ ዒላማ ተኩስ የሚወዳደሩ ሰዎች የተኮሱትን ጥይት ቀለህ ሰብስበው እንዴት ዳግም እንደሚሞሉት የሚገልጽ ነበር። ተርጓሚው ዐረፍተ ነገሩ የቀና፣ አማርኛው የጠራ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ገጽ ውስጥ «ጥይት» የሚለው ቃል ለሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ገብቶ፣ «ባሩድ» ሁለት የማይተካኩ ነገሮችን ደርቦ፣ የክብደቱም መለኪያ በ«ግራም» ተለውጦ አገኘሁት። ሰዋስዉ ሲታረም እንዲህ ያለው ስሕተት አይታይም፤ ዐረፍተ ነገሩ ያለ እንከን ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት አዲ አርቃይ ነው። አዲ አርቃይ ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ሽሬ በሚሄደው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው። ከደጋው የሚወርደው አማርኛና ከማይ ፀብሪ በኩል የሚመጣው ትግርኛ በገበያው ይገናኛሉ፤ የስሙ መነሻ የሆነው «ዓዲ» ራሱ በትግርኛ አገር፣ መንደር ማለት ነው። ለቃላት ስብስብ እዚያ በሄድሁበት ጊዜ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት የድሮ ጥይት አቃፊ አሳዩኝ። አፉ በእንጨት ተወትፎ የእናታቸው የኩል ዕቃ ሆኖ የኖረ ነው። «አባቴ፣ ይህ የውጅግራ ጥይት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጥይትስ አይደለም፤ ቀለህ ነው» አሉኝ። «ሙሉው ጥይት ይባላል። ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፤ ቀለሁ ይቀራል። የቀረውን ጥይት ካልኸው፣ ልጄ፣ ባዶውን ሙሉ መስሎት የሚሸሽ፣ ሙሉውንም ባዶ መስሎት እሳት ዳር የሚጥል ሰው አይታጣም።»

እኒህ አባት በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስቀመጡት ልዩነት በረቂቁ ውስጥ የጠፋው ልዩነት ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕዝቡ በአፉ የለየውን ጽሑፍም እንዲለየው መጠየቅ፣ ሕዝቡ ያልለየውንም ለይቶ ማቅረብ ነው። ጥይት የመሙላትን ሥራ ማስተማር ዓላማው አይደለም። በአገራችን የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በፈቃድ የሚተዳደር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣውም ለዚሁ ነው።

1. የነገሩ ባሕርይ

ዘመናዊ የሽጉጥ ጥይት ከአራት ነገሮች ይገጣጠማል። አንደኛው ብዙ ጊዜ ከናስ የሚሠራው ጎድጓዳ አቃፊ ነው። ሁለተኛው በአቃፊው ሥር፣ በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ተወትፎ የሚገኘውና ሲመታ እሳት የሚሰጠው ቁራጭ ነው። ሦስተኛው ባሩዱ፣ አራተኛው ደግሞ በአቃፊው አፍ ላይ ተሰክቶ የሚወረወረው ክፍል ነው። ምላጩ ሲሳብ የመሣሪያው መርፌ ሥሩን ይመታል፤ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ ወደ ባሩዱ ያልፋል፤ ባሩዱ ነዶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም የሚወረወረውን ክፍል በአፈ ሙዙ በኩል ይገፋዋል። በዚያች ቅጽበት ናሱ ተለጥጦ የመሣሪያውን ጉሮሮ ያሽጋል፤ ግፊቱ ሲበርድ ጥቂት ይሸሽና ተስፈንጥሮ ይወጣል።

ስለዚህ ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ተኩስ ያልቃሉ፤ አንዱ ይቀራል። የሚቀረውም ከአራቱ ብዙ ናስና ብዙ ሥራ የፈሰሰበት ክፍል ነው። ዳግም መሙላት የሚባለው ሥራ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሠሪው ቀለሁን ይሰበስባል፤ የተሰነጠቀውን ለይቶ ይጥላል፤ የቀረውን ያጥባል፤ በጠንካራ የብረት ቅርጽ ውስጥ አስገብቶ የተለጠጠውን ወደ ልኩ ይመልሳል፤ ያረጀውን የእሳት ቁራጭ አውጥቶ አዲስ ይተክላል፤ አፉን ጥቂት ይከፍታል፤ በሚዛን የተለካ ባሩድ ይጨምራል፤ የሚወረወረውን ክፍል ይሰካል፤ በመጨረሻም አፉን መልሶ ያጠብቃል።

ተወዳዳሪዎች ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋ ነው፤ ለልምምድ በሺሕ የሚቈጠር ጥይት የሚተኩስ ሰው ናሱን በየጊዜው ከመግዛት ይድናል። ሁለተኛው እኩልነት ነው፤ እያንዳንዱ ጥይት ከጓደኛው ጋር በክብደትም በፍጥነትም ሲቀራረብ ዒላማው ላይ የሚያርፍበት ቦታም ይቀራረባል።

ሁሉም ጥይት ግን ዳግም አይሞላም። በኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር በ25 ሜትር ርቀት የሚተኮሰው የ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት እሳት የሚሰጠውን ቅመም በሥሩ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የያዘ ነው። መርፌው ጠርዙን አጣብቆ ስለሚሰብረውና የሚወጣና የሚገባ የእሳት ቁራጭ ስለሌለው አንድ ጊዜ ተተኩሶ ይጣላል። በዓለም ሻምፒዮና ከ7.62 እስከ 9.65 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽጉጥ የሚደረገው ውድድር ግን ሥሩ መካከል ላይ የሚመታ ጥይት ይጠቀማል፤ ይህ ዳግም ሊሞላ ይችላል። ሁለቱን ዓይነቶች «ጠርዙን የሚመታ» እና «መካከሉን የሚመታ» ብሎ መለየት ይበቃል፤ ከዚህ የተወሳሰበ ስም አያስፈልግም።

2. ቃሎቹ ያለፉበት መንገድ

በዚህ መስክ ያሉት ቃላት አብዛኞቹ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር የተሸጋገሩ ናቸው። «ነፍጥ» ከዐረብኛው ነፍጥ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት ነበር፤ ኋላ እሳት ለሚተፋ መሣሪያ ሆነ፤ በአማርኛ መሣሪያውን ብቻ ይዞ ቀረ። «ባሩድ» የተባለውም ቃል በዐረብኛ አስቀድሞ ያመለክት የነበረው ለባሩድ የሚገባውን ነጭ ጨው ነው፤ ጨዉ ከከሰልና ከዲን ጋር ሲደባለቅ ስሙ ለድብልቁ ተላለፈ። እንግዲህ ባሩድ ወደ እኛ ሲደርስ አንድ ጊዜ ትርጉሙን ለውጦ ነበር። በኋላ እንደምናየው ሁለተኛ ጊዜም ለውጧል፤ ሁለተኛውን ለውጥ ግን መዝጋቢ ሳያገኘው አልፏል።

«ዐረር» በግእዝ እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው። በአማርኛ «አረር» የሚተኮሰው ነገር፣ ይልቁንም በብዛት የሚዘንበው ሆነ። በዛሬው አነጋገር «አረረ» ከሚለው የመቃጠል ግሥ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አረር የተባለው ስለሚያሳርር ነው ይላል። በአዲ አርቃይ ገበያ ግን ትግርኛ ተናጋሪው «ዓረር» ሲል የመጀመሪያውን ፊደል ከጉሮሮው ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ቃላት ዝምድና እንደሌላቸው ጆሮ ራሱ ይመሰክራል። «እርሳስ»ም ተመሳሳይ ጉዞ አለው። በዐረብኛ ማዕድኑም የሚተኮሰውም በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ አማርኛም ሁለቱንም ወርሶ በላዩ የመጻፊያውን እርሳስ ጨመረበት።

የመሣሪያዎቹ ስሞች ደግሞ የውጭ ስሞች ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ጠመንጃ በአማርኛ «ስናድር» ተብሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮች 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ፣ ፉዚ ግራ፣ «ውጅግራ» ሆነ። ከሩስያ የመጣው «ሞስኮብ» ተባለ። ከእነዚህ ጋር ነው የናስ አቃፊ ያለው ጥይት በአገሪቱ የተስፋፋው፤ «ቀለህ» የሚለውም ቃል በዚህ ትርጉሙ ሊሠራበት የቻለው ተተኩሶ የሚቀር ነገር ሲኖር ነው። ከአፈ ሙዝ በሚጎርሰው የቀድሞው ጠመንጃ ባሩዱና አረሩ ለየብቻ ስለሚገቡ የሚቀር ነገር አልነበረም።

የውጅግራ ጥይት በጊዜው መሣሪያ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሄድ ነበር። የተተኮሰውም ቀለህ አይጣልም ነበር፤ በአገር ባሩድ ዳግም ይሞላ ነበር። ለዚህ የሚሆነው ዲን ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ከሰሉን አገሩ ያቀርባል። እንግዲህ ዛሬ በውጭ አገር ክበቦች እንደ ጊዜ ማሳለፊያም እንደ ሙያም የሚታየው ሥራ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። የአዲ አርቃዩ አባት ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ «የተሞላውን በአዲሱ ዋጋ የሚቀበል አልነበረም» ብለዋል። በንግግራቸው «አዲስ ጥይት» እና «የተሞላ ጥይት» ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ገበያ የፈጠረው የቃል ልዩነት ነው።

3. «ጥይት» አንድ ነው ወይስ አራት?

በዕለት ንግግር «ጥይት ገዛ» ሲባል ሙሉው ነው። «ጥይት መታው» ሲባል የሚወረወረው ክፍል ብቻ ነው። «ሜዳው ጥይት ለብሷል» ሲባል ባዶው ቀለህ ሊሆን ይችላል። አውዱ ስለሚያስረዳ ማንም አይሳሳትም። በመመሪያ ጽሑፍ ግን «የጥይቱን ክብደት መዝን» የሚል ትእዛዝ ቢገኝ፣ ሙሉውን ነው ወይስ የሚወረወረውን? የሚወረወረው ክፍል በከበደ መጠን የሚያስፈልገው ባሩድ ስለሚለይ ጥያቄው የቃል ጥያቄ ብቻ አይደለም። በረቂቁ ያገኘሁት አንዱ ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር።

ስለዚህ «ጥይት» ለሙሉው ዕቃ ብቻ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። የሚወረወረውን «አረር» ብንለው ይሻላል። «እርሳስ» የበለጠ የተለመደ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም በዛሬው ጊዜ ብዙው አረር በመዳብ የተለበጠ ስለሆነ፣ አንዳንዱም ምንም እርሳስ ስለሌለበት፣ «የመዳብ እርሳስ» የሚል ግራ የሚያጋባ ሐረግ ይወለዳል። ማዕድኑን «እርሳስ»፣ ከማንኛውም ማዕድን የተሠራውን የሚወረወር ክፍል «አረር» ማለት ሁለቱን ያስማማል። ጥንት አረርም ማዕድን ነበር የሚል ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የዛሬው አማርኛ ተናጋሪ ማዕድኑን አረር ስለማይለው የሚጋጭ ነገር የለም።

«ቀለህ» ቀለሃ፣ ቀልሀ እየተባለም ይጻፋል። በሕዝብ አነጋገር የባዶነት ትርጉም አለው። እዚህ ላይ አንድ ክፍተት ይታያል፤ ከፋብሪካ ገና የወጣ፣ ተተኩሶ የማያውቅ አቃፊ ምን ይባል? «አዲስ ቀለህ» ማለት የሚቻል ይመስለኛል፤ ባዶነቱ እውነት ነውና። ነገር ግን በውስጡ ባሩድ ያለበትን፣ አረር ብቻ የቀረውን በምንም መንገድ ቀለህ ማለት አይገባም። በሥራ ላይ ያለ እንዲህ ያለ አቃፊ «ባሩድ የገባበት» ተብሎ በግልጽ ይነገር።

የቀለህ ክፍሎችም ስም አላቸው፦ አፍ፣ ጎን፣ ጠርዝ። ሥሩን ገበያው «የቀለሁ ቂጥ» ይለዋል። የብርጭቆም የድስትም ቂጥ በሚባልበት አገር መዝገበ ቃላት በዚህ ቃል ሊያፍር አይገባውም፤ ይሁን እንጂ ለመደበኛ ጽሑፍ «ሥር» የሚለው ስላለ እርሱን መምረጥ ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የእሳቱ ቁራጭ ነው። በፈረንሳይኛና በኢጣልያንኛ መንገድ «ካፕሱል» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ካፕሱል ለብዙው ሰው የመድኃኒት ዓይነት ነው። «ፈንጂ» እንዳይባል ሌላ ነገር ነው። እኔ የማቀርበው «ለኳሽ» የሚለውን ነው። «ለኮሰ» ክብሪትንም እሳትንም የሚያገለግል፣ ማንም የሚያውቀው ግሥ ነው፤ የቁራጩም ሥራ ሌላ ሳይሆን ባሩዱን መለኮስ ነው።

ለኳሽ ሁለት ዓይነት መሆኑ ለተርጓሚ ሊታወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አሜሪካዊው በርዳንና እንግሊዛዊው ቦክሰር ለየብቻ ሁለት አሠራር አወጡ። በበርዳን አሠራር ቅመሙ የሚጨፈለቅበት ጉብታ በቀለሁ ሥር ላይ የተሠራ ሲሆን እሳቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። በቦክሰር አሠራር ጉብታው ያለው በለኳሹ ውስጥ ነው፤ በቀለሁ ሥር መካከል አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለ አሮጌውን ለኳሽ በቀጭን ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። ዳግም ለመሙላት የሚመቸው ይኸኛው ነው። የአሜሪካዊው ፈጠራ በአውሮፓ፣ የእንግሊዛዊው በአሜሪካ መለመዱ ስሞቹን ለማስታወስ ይረዳል። በክላሽንኮቭና በማካሮቭ ጥይቶች ዘንድ የበርዳን ለኳሽና የብረት ቀለህ የተለመዱ ናቸው፤ እነዚህ ለዳግም ሙሌት አይመቹም። የውጭው ጽሑፍ «ቀለህህን ሰብስብ» ሲል ሁለቱን ስለማይለይ፣ «ባለ አንድ ቀዳዳ» እና «ባለ ሁለት ቀዳዳ» የሚሉት ቅጽሎች በትርጉሙ ውስጥ ሊጨመሩ ይገባል።

4. ሁለቱ ባሩዶች

የአገራችን ባለ እጆች የሚያውቁት ባሩድ ጥቁር ባሩድ ነው። ሲነድ ብዙ ጭስ ይሰጣል፤ ጥላሸቱ መሣሪያውን ያቆሽሻል፤ የሚሞላውም በስፍር ነው፤ ቀለሁ ሞልቶ አረሩ በላዩ ተጭኖ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጭስ አልባውን ባሩድ አወጣ፤ በ1886ም የፈረንሳይ ጦር በእርሱ የሚሠራ ጠመንጃ ያዘ። አዲሱ ባሩድ በአሠራሩ ከጥቁሩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በእኩል ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት አለው፤ የሚለካውም በትክክለኛ ሚዛን ነው፤ በሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አማርኛ ሁለቱንም «ባሩድ» አላቸው። ቃሉ ሁለተኛ ጊዜ ትርጉሙን የለወጠው በዚህ ነው። «ቀለሁን በባሩድ ሙላ» የሚለው አነጋገር ለጥቁሩ ትክክለኛ መመሪያ ሲሆን፣ ለጭስ አልባው መሣሪያውን ከነያዡ እጅ የሚያፈነዳ ትእዛዝ ነው። እዚህ ላይ ግሡም ተባባሪ ነው፤ «መሙላት» በአማርኛ እስከ አፍ ማድረስን ያሳስባል። «የተሞላ ጥይት» የሚለው የቆየ ስም ስለሆነ መተው አይቻልም፤ ባሩዱን የሚመለከተው ግሥ ግን «መዝኖ ጨመረ» ቢሆን ይሻላል። ሥራው በአጠቃላይ «ዳግም ሙሌት»፣ የባሩዱ ልክ «ምጥን» ይባል። «ምጥን» ለሽሮና ለበርበሬ የሚነገር የቤት ቃል መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ መጠን መጠበቁን ያስታውሳልና። በሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ባዶ ቦታ ስለሚተርፍ ሳያውቁ ሁለት ጊዜ መጨመር ይቻላል፤ ይህ በሥራው ከሚፈሩት አደጋዎች ዋነኛው ነው፤ «ድርብ ምጥን» ልንለው እንችላለን።

ስለዚህ በጽሑፍ ውስጥ «ባሩድ» ብቻውን እንዳይቆም፣ «ጥቁር ባሩድ» ወይም «ጭስ አልባ ባሩድ» ተብሎ ሁልጊዜ ከነቅጽሉ እንዲጻፍ ማድረግ ግድ ነው። ተደጋገመ ተብሎ የሚነቀፍ ዐረፍተ ነገር እጅ ከሚያሳጣ ዐረፍተ ነገር ይሻላል።

5. ግሬንና ግራም

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የባሩድና የአረር ክብደት የሚለካው «ግሬን» በሚባል ጥንታዊ መለኪያ ነው። የስሙ ትርጉም ቅንጣት፣ የእህል ፍሬ ነው። የእኛም ወቄት ወርቅ የሚመዘንበት፣ በኋላም በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ክብደት፣ ይኸውም በ28 ግራም ገደማ የሚገመት መለኪያ ነበር፤ ለሚዛን የዕለት ዕቃን መነሻ ማድረግ የማንም ሕዝብ ልማድ ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው፤ አንድ ግራም ደግሞ 15.43 ግሬን ነው።

ረቂቁ «5 ግሬን» የሚለውን «5 ግራም» ብሎት ነበር። እውነተኛው ልክ 0.324 ግራም ነው፤ ስሕተቱ ከዐሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያህል የጎላ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፤ የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ቀለህ አንድ ግራም ውኃ እንኳ ስለማይዝ 5 ግራም ባሩድ አይገባበትም። ነገር ግን አንባቢው አልገባም ብሎ ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ከማመን ይልቅ ቀለሁን አምኖ እስከ አፉ ቢሞላው ድርብ ምጥን ወይም ከዚያ የበለጠ ጨመረ ማለት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። የውጅግራ ጥይት በቀድሞ አሠራሩ የሚይዘው ጥቁር ባሩድ 5 ግራም ያህል ነበር። ስለ ዱሮው ጥይት ለሚያውቅ ሰው እንግዲህ «5 ግራም» የሚለው ቁጥር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የለመደው ቁጥር ነው። የባሩድ ስም አለመለየትና የሚዛን ስም መሳሳት በአንድ ገጽ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይሸሽገዋል።

«ቅንጣት» ብሎ መተርጐምም አያዋጣም። ባሩድ ራሱ በቅንጣት የሚገኝ ነገር ስለሆነ «5 ቅንጣት ባሩድ» አምስት ፍሬ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ስሙ በተዋሰበት ድምፅ «ግሬን» ተብሎ ይጻፍ፤ «ግ.» ተብሎ አይታጠር፤ በአጠገቡም በግራም የሚሆነው በቅንፍ ይግባ።

መለኪያውን ጨርሶ በግራም ተክቶ ግሬንን መተው እንዳይቻል የሚያደርግ አንድ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ የጥይት ጉልበት እንዳይቀንስ የሚቈጣጠረው የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሴኮንድ በጫማ ለክቶ፣ አባዝቶ፣ ለ1,000 በማካፈል ነው። የ124 ግሬን አረር በሴኮንድ 1,050 ጫማ ቢሄድ ውጤቱ 130.2 ይሆናል፤ ዝቅተኛው ተፈላጊ ቁጥር 125 ስለሆነ ያልፋል። ይህን ቁጥር «የጉልበት ቁጥር» እንበለው። ክብደቱ ወደ ግራም ከተለወጠ ግን ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ተርጓሚ መለኪያን ከመለወጡ በፊት በእርሱ ላይ የቆመ ስሌት መኖሩን መመርመር እንዳለበት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

6. ግሦቹ፦ መጉረስ፣ መክሸፍ፣ መባረቅ

በግሥ በኩል አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ የሚለይበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛው ቀለህን በባሩድ መሙላትንም መሣሪያን በጥይት ማዘጋጀትንም «ሎድ» በሚል አንድ ግሥ ይገልጻቸዋል። አማርኛ ለመጀመሪያው «ሞላ»፣ ለሁለተኛው «አጎረሰ» አለው፤ «ዐሥር ጎራሽ» የሚለው የመሣሪያ ቅጽልም ከዚህ የወጣ ነው። ተርጓሚው ይህን ሀብት ትቶ ለሁለቱም «ጫነ» ሲል የራሱን ቋንቋ ያደኸያል። «ተኮሰ»ም የእሳት ግሥ ነው፤ ልብስም ቁስልም ይተኮሳል። ሳይታሰብ ሲተኮስ «ባረቀ» ይባላል፤ ከመብረቅ ጋር አንድ ሥር ያለው ግሩም ቃል ነው።

«ከሸፈ» ግን መከፋፈል ያስፈልገዋል። ምላጭ ተስቦ እንደሚጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ሰው ሁሉ «ከሸፈ» ይላል። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ለኳሹ ተመትቶ ምንም አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው እሳቱ ዘግይቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መተኮሱ ነው፤ ከሽፏል ብሎ አፈ ሙዙን ወደ ሰው ያዞረ በዚህ ይጎዳል። ሦስተኛው ባሩዱ ከማነሱ ወይም ከመረሳቱ የተነሣ አረሩ በለኳሹ ጉልበት ብቻ ተገፍቶ አፈ ሙዙ ውስጥ መቅረቱ ነው፤ ይህን ሳያይ ቀጣዩን ጥይት የተኮሰ ሰው መሣሪያው ይፈነዳበታል። ሦስቱን «ከሸፈ»፣ «ዘገየ»፣ «ተቀረቀረ» ብሎ መለየት በቂ ነው። ሦስቱም የተለመዱ ግሦች ናቸው፤ አዲስ የሚሆነው ወሰናቸው ብቻ ነው።

7. የቀረቡ ቃላት

ጥይት፦ ቀለህ፣ ለኳሽ፣ ባሩድና አረር ተገጣጥመው የሚሆኑት ሙሉው ዕቃ።
ቀለህ፦ ባዶው አቃፊ፤ የተተኮሰ ወይም ገና ያልተሞላ።
አረር፦ ከጥይቱ የሚወረወረው ክፍል፤ ከማንኛውም ማዕድን ቢሠራ።
እርሳስ፦ ማዕድኑ።
ለኳሽ፦ በቀለሁ ሥር ተተክሎ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ቁራጭ።
ጥቁር ባሩድ፣ ጭስ አልባ ባሩድ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች፤ ቅጽላቸው አይለይም።
ዳግም ሙሌት፦ ቀለህን አድሶ እንደገና ጥይት ማድረግ።
ምጥን፦ ለአንድ ጥይት የተመዘነ የባሩድ ልክ።
ድርብ ምጥን፦ በስሕተት ሁለት ጊዜ የገባ ምጥን።
ግሬን፦ 0.0648 ግራም።
የጉልበት ቁጥር፦ የአረር ክብደትና ፍጥነት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል የሚገኘው።
አጎረሰ፦ መሣሪያውን ጥይት አስገባለት።
ከሸፈ፦ ተመትቶ ሳይተኮስ ቀረ።
ዘገየ፦ ተመትቶ ቆይቶ ተተኮሰ።
ተቀረቀረ፦ አረሩ አፈ ሙዝ ውስጥ ቀረ።

ማጠቃለያ

ይህ የቃላት ዝርዝር የጥቂት ተወዳዳሪዎችና ተርጓሚዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አዲ አርቃይን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደዚያ ከተማና አካባቢው ደርሶ ነበር። ጦርነት ባለፈበት እርሻ ላይ ሕፃናት የሚያነሡት ነገር ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ ባዶ ቀለህ፣ ያልተተኮሰ ጥይት፣ የከሸፈ ጥይት። ሦስተኛው ሥሩ ላይ የመርፌ ምልክት ስላለበት የተተኮሰ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሙሉ ነው። በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ «ጥይት» እና «ቀለህ» ተደበላልቀው ከተጻፉ ልጁ የሚረዳው በሽማግሌው አማርኛ ነው፤ ቀለህ ከተባለ ባዶ ነው ብሎ ያነሣዋል።

እኒያ አባት ቀለሁን ከእጄ ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ያደረጉት ውታፉን ነቅለው ውስጡን ማየት ነበር። የእናታቸው የኩል ዕቃ መሆኑን እያወቁ እንዲህ ማድረጋቸው ገርሞኝ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ስሙን ከመጥራትህ በፊት ውስጡን ማየት ነው» አሉኝ። ለቃላት ሠሪም ከዚህ የተሻለ ደንብ የለም።